ሊቀ አራሚያን ሌዎንስ እና የኤልዳ ሥዕሎች

በእኛ በደቡብ ሉዊዚያና ረግረጋማ አገር ቤተ ክርስቲያን የሌለው ከተማ ይገኝ ይሆናል፤ የጭፈራ አዳራሽ የሌለውም አይጠፋም። አራሚ የሌለው ከተማ ግን እስከ ዛሬ አልታየም። አራሚ ማለት ሰርግ ላይ የቄሱን ጸሎት፣ ለቅሶ ላይ የሟቹን ዕድሜ የሚያርም ሰው ነው። የእኛው ሊቀ አራሚያን ክቡር ኖንክ ሌዎንስ ሶንየር ይባላሉ። ኖንክ አጎት ማለታችን ነው፤ የማናችንም አጎት ባይሆኑም ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ስለሆነ ማንም ማዕረጉን ሊነሳቸው አልደፈረም።

ዘንድሮ የከተማችን ሙዚየም የኤልዳ ጊድሪን ሥዕሎች ሰብስቦ ዐውደ ርእይ ከፈተ። ኤልዳ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የኬጁንን ሕይወት፣ ማለትም ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች የወረድነውን እኛኑ፣ ስትሥል ኖራ ባለፈው መስከረም ነው ያረፈችው። በሕይወት ሳለች ሥዕሎቿን ግድግዳው ላይ የሰቀለላት ዓሣ ሻጩ ብቻ ነበር። ከሞተች በኋላ ግን ሁላችንም ሊቅነቷን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቅ እንደነበር ድንገት ትዝ አለን። እኔ ኡዜብ የሙዚየሙ በር ጠባቂ ነኝ። ሥራዬ ሰው ሥዕል እንዳይነካ መከልከል ነው፤ ኖንክ ሌዎንስን እንዳይናገሩ መከልከል ውሌ ላይ አልተጻፈም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ፈተና ሊያርም እንደመጣ መምህር ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡ። የሙዚየሙ ኃላፊ ዶክተር ሃርግሮቭ ከግዛታችን ዋና ከተማ ከባተን ሩዥ ለመጡ እንግዶች የአኮርዲዮን ተጫዋቹን ሥዕል እያብራራች ነበር።

"ዘጠኝ አዝራር ብቻ ነው የሣለችው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የጎደለው አሥረኛው አዝራር እየጠፋ ያለው የአያቶች ቋንቋ ነው።"

"ስህተት ነው!" አሉ ኖንክ ሌዎንስ። "የእኛ አኮርዲዮን አሥር አዝራር ነው ያለው። ነግሬያት ነበር!"

እንግዶቹ ማስታወሻቸውን ሰረዙ። ሊቀ አራሚያን ወደ አሳማው እርድ ሥዕል ተሻገሩ። መንደርተኛው ተሰብስቦ አሳማ ያርዳል፣ ሴቶቹ ቋሊማ ይሞላሉ፣ ከኋላቸው የበለስ ዛፍ ፍሬውን ተሸክሞ ቆሟል።

"በለስ የሚበስለው በሐምሌ ነው! በሐምሌ ሙቀት አሳማ የሚያርድ ማነው? መንደሩን በገማ ሥጋ ሊጨርሱት ነው? ነግሬያት ነበር!"

ከጾም በፊት የምናከብረው የማርዲ ግራ በዓል ሥዕል ላይ ሲደርሱማ ባሰባቸው። ጭንብል ለብሰው ዶሮ ከሚያሳድዱት ፈረሰኞች መካከል አለቃቸውም ጭንብል አጥልቋል። እውነት ለመናገር ይሄኛውስ እኔንም ያሳፍረኛል። አለቃ ፊቱን እንደማይሸፍን የሚጠባ ሕፃን ያውቃል፤ ያለዚያ ሰካራሙ አጥር ሲሰብር ገበሬው ማንን ይዞ ይጠይቃል?

በሦስተኛው ቅዳሜ ዶክተር ሃርግሮቭ ጠራችኝ።

"ኡዜብ፣ እኚህን ሰውዬ ከእንግዲህ እንዳታስገባቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻ ሥዕሏን እንገልጣለን። ያንን ቀን እንዲያበላሹብኝ አልፈልግም።"

አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ። ጆሮዬም እኮ ዕረፍት ይገባዋል። በር ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው፤ ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ ኮፍያቸውን በእጃቸው ማዞር ጀመሩ።

"ያቺን ሥዕል እኮ አላየኋትም፣ ኡዜብ" አሉ። "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳዋ ላይ እየተቀመጥኩ ያላረምኩት ሥዕል የለም። 'ጨርሻለሁ፣ ቅዳሜ ና' አለችኝ። ሐሙስ ሞተች።"

እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምቶ በር መዝጋት የሚችል ጠባቂ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አይደለሁም። ተመልሼ ለዶክተር ሃርግሮቭ ነገርኳት።

"ሌዎንስ ነው ስማቸው?" አለችኝ።

"ሌዎንስ ነው፣ ዶክተር።"

እጄን ይዛ ወሰደችኝና የአኮርዲዮኑን ሥዕል ከግድግዳው አውርዳ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በኤልዳ እጅ "ሌዎንስ፦ አዝራር" ተብሎ ተጽፏል። በእርዱ ሥዕል ጀርባ "ሌዎንስ፦ በለስ"። በማርዲ ግራው "ሌዎንስ፦ አለቃው"። ዶክተሯ እስከዚያች ሰዓት ሌዎንስ ሥዕሎቹን ሊገዛ የነበረ ሀብታም ይመስላት ነበር። ለካ ኤልዳ በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ሆን ብላ አንድ ስህተት ታስቀምጥ ኖሯል፤ ሰውዬው ቅዳሜ መምጣታቸውን እንዳይተዉ። ሌላ ሰው ይሄንን ፍቅር ይለው ይሆናል፤ እነሱ እርማት ነበር የሚሉት። ከዚያ ዶክተሯ ገና ያልተገለጠውን ሥዕል ጀርባ አሳየችኝ፤ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። በሳቁ መሃል እኔ ዓይኔን መጥረግ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ኖንክ ሌዎንስ በዶክተሯ ግብዣ በክብር ከፊት ተቀመጡ። መጋረጃው ሲነሳ እሳቸው ራሳቸው ብቅ አሉ፤ በኤልዳ በረንዳ ላይ፣ በላም ቆዳ ወንበሯ ላይ፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ከንፈራቸው ግጥም ብሎ ተዘግቶ፣ ሌላ ሰው ሲናገር በጽሞና ያዳምጣሉ። ከተማው ይሄንን በሰማንያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አይቶት አያውቅም።

እሳቸው ግን አፍንጫቸው ሸራውን ሊነካ እስኪቃረብ ተጠግተው መመርመር ያዙ።

"ወንበሩ ልክ ነው። የቆዳው ጠጉርም ልክ ነው። የሸሚዜ ሁለተኛ ቁልፍ የለም፤ እሱም ልክ ነው። የውሻው ጆሮ..." ድምፃቸው ቀነሰ። "ልክ ነው።"

ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ፊታቸው እንዲያ ሲጨልም አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት። ከዚያ ኮፍያቸውን ደፉ።

"አይሆንም። ኤልዳ ያለ ስህተት መሣል አትችልም። ቅዳሜ እመለሳለሁ።"

ይኸው ዛሬ ስድስተኛው ቅዳሜ ነው። ዶክተር ሃርግሮቭ ሥዕሉ ፊት ወንበር አስቀምጣላቸዋለች። ጀርባው ላይ "ሌዎንስ፦ አፉ" እንደሚል የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን፤ ግን ሥዕሉን አይቶ ስህተቱ ያልገባው የከተማው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔም ሥራዬ ተጨምሮብኛል። የሚገባውን ጎብኚ ሁሉ በር ላይ ይዤ ሁለት ነገር አስጠነቅቃለሁ፦ ሥዕል አይነካም፤ ወንበሩ ላይ ላሉት ሰውዬም ምንም አይነገርም።