ሳር ያለበት ባዶ መሬት

ሳር የበቀለበት መሬት ለምንድን ነው «ባዶ» የሚባለው? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ሰው እንዴት እንደሚከብር፣ እንዴት ቤት እንደሚሠራ ይጠይቃል፤ እኔ ስለ ሳር።

ነገሩ የጀመረው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መምህራችን የሰፈራችሁን ካርታ ሣሉ አሉን። ቤቱን ሣልኩ፣ እንሰቱን ሣልኩ፣ ቡናውን ሣልኩ። የአክስቴን ተዳፋት ደግሞ አረንጓዴ ቀባሁት። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ባዶ ቦታ ቀለም አይቀባም» ብለው ጻፉበትና ከአሥር ስምንት ሰጡኝ። ሁለቷን ማርክ የበላት ሳር ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እዚያ ተዳፋት ላይ ሳር አለ፣ ፌንጣ አለ፣ እንቁላሏን የጣለች ወፍ አለች። ባዶነቱ የቱ ጋ ነው? የጌዴኦ መሬት ፎቅ በፎቅ ነው። ከእንሰቱ በላይ ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልልቁ ዛፍ። ፎቅ የለመደ ዓይን ምድር ቤቱን አያይም መሰለኝ።

አክስቴ የምላት አስቴር የሟቹ ታናሽ አጎቴ ሚስት ናት። ከጪጩ ከተማ ወጣ ብላ ትኖራለች። ባሏ ሲሞት አንዲት ላምና ያ ተዳፋት ቀሩላት። የተዳፋቱ ሳር ግማሹ በራሱ የበቀለ ነው፤ ግማሹን፣ ደሾ የሚባለውን የከብት ሳር፣ እሷው እየገነጠለች ተክላ ያበዛችው ነው። ላሟን እዚያ ላይ አትለቃትም። ሳሩን አጭዳ፣ ተሸክማ፣ ደጅ ድረስ ታቀርብላታለች። «እኔን ማን ቤቴ ድረስ አምጥቶ አብልቶኝ ያውቃል?» እያለች ትቀናባታለች።

ትልቁ አጎቴ ጅግሶ ግን፣ የወንድሜ መሬት ነው እያለ፣ ያቺን መሬት ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል። ባህር ዛፍ ይተከልበት ባይ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሸጣል። ተረቱ በሬውን «ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይለዋል። ገደሉን አይቶ ሳሩን ያላየ ሰው የማውቀው አጎቴን ብቻ ነው።

እኔ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ አፈር ስማር ነው ጥያቄዬ ነፍስ የዘራው። ለካ ሳር ከአየር ላይ ካርቦን እየሳበ ሥሩና አፈሩ ውስጥ ያስቀምጣል! ይህን ለአጎቴ ብነግረው «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሳቀብኝ። አልተከራከርኩም። እኔ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። መጻፍ ግን አላፍርም። የከብት መኖ የሚያለሙ ገበሬዎችን የሚያግዝ አንድ ፕሮጀክት እንዳለ ስሰማ በአክስቴ ስም ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። መጥተን እናያለን አሉ።

አጎቴም ቁርጡን ተናገረ። እንግዶቹ የሚረባ ነው ካሉ አፉን ይዘጋል፤ ባዶ ነው ካሉ ግን በማግስቱ ችግኙን ይተክላል። ችግኙ ደጁ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። የሳሩ ነገር ካከተመ ደግሞ የላሟም ነገር አከተመ።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። እንግዶቹ የሚመጡት ለሳሩ ስለሆነ ሳሩ ዝግጁ ይሁን አልኳት። አታስቢ አለችኝ። አላሰብኩም። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ማለዳ ከባጃጅ ወርጄ ቀና ስል ተዳፋቱ እንደ ተላጨ ራስ ያበራል። ደጇ ላይ ሸራ ተወጥሯል። ከሸራው ሥር ሳሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ተጎዝጉዟል። ጎረቤቶቿ ማጭዳቸውን እየጠራረጉ ነው።

«አክስቴ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? ሳሩ ዝግጁ ይሁን አላልሽም?»

«ቆሞ እኮ ነው ማየት የሚፈልጉት!»

«እና እንግዳ ባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ?»

እናንተዬ! እንግዳ ባዶ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ ብላ መሬቷን ባዶ አደረገችው። አጎቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ፣ ተዳፋቱን አየ፣ «እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለ። ፈገግታው ግን ይናገር ነበር።

እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ባለሙያና ቅጽ የያዘ ወጣት። ሴትየዋ ጉዝጓዙን ሲያዩ ጫማቸውን አወለቁ። እንዲህ ያለ አቀባበል አይተን አናውቅም ብለው አመሰገኑ። ቀጥለው፣ በሉ ሳሩን እንየው አሉ።

«ተቀምጣችሁበታል» አለች አክስቴ።

ወጣቱ ተዳፋቱን አየ፣ ቅጹን አየ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። እስክሪብቶው «ባ» ብሎ ሲጀምር አየሁት። ጉሮሮዬ ተከፈተ። የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ወራጅ አለ!»

ሁሉም ዞሩ። መቼም አንዴ ከአፍ ወጥቷል። ዶማ አንስቼ ተዳፋቱ ላይ ወጣሁና አንድ ጓል ፈንቅዬ አነሳሁ። አፈሩ ጥቁር፣ ሥሩ እንደ ፀጉር የተጠላለፈ ነው። አክስቴ ያጨደችው ጣሪያውን ነው፣ ቤቱ ታች ነው አልኩ። ሥሩ እስካለ ካርቦኑ እዚህ አለ፣ ዝናብ ሲያገኝ ሳሩ ይመለሳል አልኩ። ይህ ሥር ባይኖር ተዳፋቱ ክረምት ላይ ተንዶ ከታች ያለው የአጎቴ ቡና ላይ ይተኛ ነበር አልኩ።

«ካርቦን?» አለ አጎቴ። «ካርቦንማ አውቃለሁ! ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ደረሰኝ ስጽፍ አይደል የኖርኩት? በሁለት ወረቀት መሃል ታስገቢያታለሽ፤ ላይ የጻፍሽውን ታች ትገለብጣለች።»

ባለሙያዋ እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ጋሼ፣ ሳሩም እኮ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የላዩን ወደ ታች ይገለብጣል። እኔ ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም» አሉት።

በባለሙያ ፊት የተመሰገነ ሰው እንዴት ቃሉን ይመልሳል? አጎቴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ወጣቱ «ባ»ን ሰርዞ ጠርዙ ላይ «ሳር፣ የታጨደ» ብሎ ጻፈ፤ ሲያድግ ተመልሰው ሊያዩት ተቀጣጠሩ። ችግኙን አጎቴ ለአንድ የገደብ ወረዳ ሰው ሸጠው።

በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። አክስቴ እንግዶቹን ስትሸኝ ምን አለች?

«ስትመለሱ ከዚህም የበለጠ እጎዘጉዝላችኋለሁ!»

ራሴን ያዝኩ። ማታውን ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ጨርሳ ሰማችኝና «ልጄ፣ ሰው ደጄ ሲመጣ ካላነጠፍኩለት ሳሩ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ።

መልሱን ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ ፈለግኩ፣ የለም። ቅጹም ላይ ይህን የሚሞሉበት ቦታ አልነበረም።

ስለዚህ ወሰንኩ። አባቴ ከመሬቱ ትንሽ እንዲቆርስልኝ ጠየቅኩት። ቡና ልትተክል ነው ብሎ ደስ አለው። እኔ ከአክስቴ ሳር ገንጥዬ ተከልኩበት። የእሷ ቆሞ ይታይ፤ የእኔ ይታጨድና እንግዳ ይረፍበት። መንደሩ ሁሉ አሁን «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽውን ምን ላይ አዋልሽው?» ይለኛል።

መቀመጫ ላይ።