አየር የምትሰርቅ መኪና

ሰውን ሲሮጥ አይታችሁ አትመስክሩለት። ሲሮጥማ ሁሉም ደህና ነው። ቁጭ ሲል፣ የሚያደርገው ሲያጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። ይህን ያስተማረኝ የንስሐ አባቴ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ያስተማረችኝ ግን በጃንሆይ ጊዜ፣ ወደ አገሩ ከሚገባ አንድ ጣሊያን ላይ የገዛኋት አሮጌ መኪና ናት። ስትበር እንከን አታወጡላትም። አቁሜ እግሬን ከቤንዚን መስጫው ሳነሳ ግን፣ መካኒኮቻችን ሚኒሞ የሚሉት ዝቅተኛ ዙር ላይ ስትደርስ፣ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥና ድርግም!

መኪናዋን የገዛሁት ሚስት ለማግባት ነው ብል አትሳቁ፤ ለባለመኪና ልጅ አይከለከልም ብዬ ነው። የልጅቷ አባት ጋሽ ተሰማ ጎጃም በረንዳ የታወቁ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሁለቱንም ጊዜ «እናስብበት» ብለዋል። ያን ጊዜ ትንባሆ ለሚያጨስ ሰው ልጅ መስጠት ነውር ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሲጋራ ከሸተተበት ሱቅ ጨው እንኳ አይገዙም ይባላል። ሽማግሌዎቼ «ሲጋራ በአፉ አይዞርም» ብለው ማሉልኝ። እኔ በቀን አንድ ፓኮ እጨርሳለሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ጋሽ ተሰማ «ሰበታ ለቅሶ አለብኝ፤ በመኪናህ አድርሰኝ» ብለው ላኩብኝ። ጠባዬን ሊያዩ መሆኑ አልጠፋኝም።

ከበረንዳው ሳንርቅ፣ ጭድ ተራ ጋ ስንደርስ፣ ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ዘጉብን። ቆምኩ። ተንቀጠቀጠች፤ ጠፋች። ስቀሰቅሳት ትነሳለች፣ እግሬን ሳነሳ መልሳ ትጠፋለች። ዕድሜ ለመርካቶ፣ ሰው ወዲያው ከበበን። አንዱ ካንዴላው ነው አለ፤ ሌላው ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል አለ፤ አንዲት እናት ደግሞ ቡዳ በልቷት ነው ብለው አማተቡ።

በመጨረሻ እዚያው ሠፈር የሚሠራ ከማል የሚባል መካኒክ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠና «አየር እየሰረቀች ነው» አለ። ካርቡራቶሩና ሞተሩ በሚገጥሙበት መሐል ያለችው ወረቀት፣ ጓርኒሲዮን የሚሏት፣ ተሰንጥቃ አየር ታስገባለች ማለቱ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ያቺ ሽውታ አትታወቅም፤ በቀስታ ሲሠራ ግን የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ ታቀጥነዋለች። በየት በኩል እንደምትገባ ለማወቅ ጭስ ማስጠጋት ነው፤ የተሰነጠቀው ቦታ ይምገዋል። ከማል ከሱቅ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዝቶ ከክብሪት ጋር ዘረጋልኝ።

«እኔ ረመዳን ይዣለሁ፤ አንተ ንፋበት። እሳቱን ብቻ ራቅ አድርገህ ያዝ፣ ቤንዚን ነው።»

ክው አልኩ። ጋሽ ተሰማ ወርደው አጠገቤ ቆመዋል። ባልነፋ ለቅሶው ሊቀር ነው፤ አሳምሬ ብነፋ ሚስት ልትቀር ነው። ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ሲጋራ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሆንኩ። ሦስት ክብሪት አባከንኩ። አንዴ ስቤ፣ ኡሁ ኡሁ እያልኩ ጭሱን ለሰማይ በተንኩት። ደገምኩ፤ ያው ነው። ከማል ራሱን ያዘ።

«ወደ ሳንባህ አታስገባው እንጂ!» የሚል ቁጣ ከጎኔ ሰማሁ። «ሳንባ ከገባ ይሳሳል። አፍህ ላይ ያዘውና በቀጭኑ ልቀቀው!»

የተናገሩት ጋሽ ተሰማ ናቸው። ኧረ ጉድ! ሲጋራውን ከጣቴ ነጠቁኝ፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉት፣ አመዱን በትንሿ ጣታቸው ጥፍር መታ አድርገው አራገፉ። ሳቡ። ካርቡራቶሩ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ለቀቁ፤ ጭሱም በግራ በኩል ጥምዝ ብሎ ገባ። ከማል «እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ። እናቲቱ እንደገና አማተቡ።

ከማል ከጫማ ካርቶን ሌላ ጓርኒሲዮን ቆርጦ፣ ግራሶ ቀብቶ አሠረልን። ሞተሯ ጸጥ ብላ መሥራት ጀመረች።

ከከተማ ወጣን። እኔ ድንጋጤው አልለቀቀኝም፤ ወደ እሳቸው መዞር እንኳ ፈራሁ። ጋሽ ተሰማ መንገዱን እያዩ ተናገሩ።

«ስትስል ትከሻህም አብሮ ይነቃነቅ» አሉኝ። «በጉሮሮ ብቻ የሆነ ሳል ማንንም አያሞኝም። ሚስቴ ፊት ሰው ሲጋራ በለኮሰ ቁጥር ሠላሳ ዓመት ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄ ደግሞ በእናቷ ነው የወጣችው፤ ከሠርጉ በፊት ተለማመድ።»