የዶክተር ሒሩት ውሻ እና ሲዲ ሃምሳ ዘጠኝ

(ካራ ሰፈር፣ የዶክተር ሒሩት ግቢ በር። የሕክምና ተማሪው ቢንያም ወረቀቱን ከስድስት ሰዓት በፊት ለመምህርቷ ለዶክተር ሒሩት ካላስረከበ ዓመቱን ይደግማል። ጥበቃው ጋሽ ዘነበ ግን በሩን ገርበብ አድርገው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ውሻ ያጉረመርማል።)

ቢንያም፦ ውሻውን ያዙልኝ አልኩኮ ጋሼ!

ዘነበ፦ ወረቀቱ ስለ ምንድን ነው አልኩኮ!

ቢንያም፦ ብነግርዎትም አይገባዎትም። ሲዲ ሃምሳ ዘጠኝ ይባላል፤ ፕሮቲን ነው።

ዘነበ፦ እንደ ምስር?

ቢንያም፦ (እየሳቀ) ኧረ ምስር አይደለም! የሕዋሳችን ገላ ላይ የተተከለ ደቃቅ ነገር ነው። ደማችን ውስጥ ኮምፕልመንት የሚባል አዳኝ ሠራዊት አለ፤ ጀርም ሲያገኝ ቀዶ ይገድላል። ሲዲ ሃምሳ ዘጠኝ የዚያ ሠራዊት ተኳሽ ነው!

ዘነበ፦ አዳኙ የኛንስ ሕዋስ ለምን አይቀድም?

ቢንያም፦ ያውቀዋላ! ይሄ ውሻ እርስዎን የማይነክሰው ስለሚያውቅዎት አይደል?

ዘነበ፦ ቡላ? ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ፤ አፍንጫውም ደንዝዟል። ያገኘውን ሁሉ ነው የሚዘነጥለው። ዛሬ እንኳ እኔን ሁለቴ ነክሶኛል።

ቢንያም፦ ታዲያ እንዴት በእግርዎ ቆሙ?

ዘነበ፦ (ረጅም የጎማ ጫማ ያጠለቀ እግራቸውን አንስተው) በቦቲ! እዚህ ቤት ከዶክተር ጀምሮ ቦቲ ያላደረገ የለም።

ቢንያም፦ ለካ ዶክተር ለዚህ ነው በጠራራ ፀሐይ ክፍል በቦቲ የሚመጡት! እኛ እርሻ ያላቸው መስሎን!

ዘነበ፦ ጥርሱ ቦቲው ላይ ይቆማል። እንግዳ ግን እንዳንተ በነጠላ ጫማ ይመጣል። የሕዋሳችንስ ቦቲ የታለ?

ቢንያም፦ ቦቲውማ... (ወረቀቱን ይገልጣል) ጋሼ... ገላው ላይ ያለው እኮ...

ዘነበ፦ ተኳሽ ነው አላልክም?

ቢንያም፦ ቦቲ ነው! አዳኙ ሊቀድ ሲል የሚያስቆመው እሱ ነው! ጀርሙ የለውም፣ የኛ ሕዋስ አለው። ቦቲው የወለቀበት የደም ሕዋስ በገዛ ወገኑ ይፈርሳል፤ የታማሚው ሽንት ይጠቁራል... ወይኔ! አራት ገጽ ሙሉ ተሳስቻለሁ! ስንት ሰዓት ነው?

ዘነበ፦ ለስድስት ሃያ ጉዳይ። (እስክሪብቶ ያቀብሉታል)

ቢንያም፦ እርስዎ ግን እንዴት ደረሱበት?

ዘነበ፦ ዶክተር ናቸዋ! «ተኳሽ ነው የሚል ከመጣ፣ ቦቲህን ሳታሳየው እንዳታስገባው» ብለውኛል። አንተ ከጠዋት ጀምሮ ሰባተኛው ነህ። ሂድ፣ ከግንቡ ጀርባ ያሉት ጓደኞችህ ጠጋ ጠጋ ይበሉልህ።

(ከግንቡ ጀርባ ስድስት ተማሪዎች ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይሰርዛሉ። ቢንያም መሀላቸው ተሸጉጦ «ተኳሽ» የሚለውን እየሰረዘ ነው።)