የኦቦ ፈዬራ እህት ልጅ

ለወላጅ ተቆርቋሪነት ዋንጫ ቢኖረው፣ የአምቦዎቹ የኦቦ ፈዬራ ልጆች ለማንም አያስነኩትም ነበር። አባታቸው አልጋ ላይ ሲውሉ በደሞዝ ተንከባካቢ ቀጠሩላቸው፤ ጃለኔ የምትባል፣ ከሸነን ከተማ የመጣች ልጅ። አባትን ለቅጥረኛ መስጠት ግን ነውር ስለሆነ፣ የበኩር ልጃቸው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ለጎረቤቱ ሁሉ በይፋ አስታወቁ፦

«የአክስታችን ልጅ ናት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!»

ችግሩ፣ ኦቦ ፈዬራ እህት ኖሯቸው አያውቅም።

«እኔ እህት የለኝም» ይላሉ ሽማግሌው፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር።

«አይ እርጅና! መርሳት ጀመሩ እኮ» ይላሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ጠያቂውም ከንፈሩን ይመጥጣል።

ጃለኔ ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ በማር እያታለለች መድኃኒት ታስውጣቸዋለች። ልጆቹም የልጅነት ድርሻቸውን አላጓደሉም፤ እዚያው ከተማ ማዶ ሆነው እሁድ እሁድ ይደውላሉ።

በዚህ መሀል ጊንጪ የሚያስተምረው የመጨረሻው ልጅ፣ ለሊሳ፣ ለእረፍት አምቦ በመጣ ጊዜ ጃለኔን ወደደ። እሷም ወደደችው። ወደ ሸነን ሽማግሌ ይላክ ሲባል፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ዲንሳ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የአክስት ልጅ? ያ ዋቃ! እኛ እግራችንን አናነሳም።»

ለሊሳ እህቱን አየ። ጃለኔ አንገቷን ደፋች፤ ትዳሯ ያለው በወይዘሮዋ አፍ ላይ ነው። ወይዘሮዋ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«አክስት የለንም» አሉ በመጨረሻ።

«ምን?» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«ሠራተኛ ናት! በደሞዝ ናት!»

«አላልኳችሁም?» አሉ ኦቦ ፈዬራ ከአልጋቸው ላይ እየተንከተከቱ። የመርሳት በሽታቸው በዚያች ቅጽበት ለቀቃቸው።

ሰርጉ አማረ። ወይዘሮ ወሰንየለሽም ከውርደታቸው ትርፍ አገኙ፤ ምራት ደሞዝ አትጠይቅምና።

«እንግዲህ ጃለኔ፣ አሁን የእውነት ዘመድ ሆነሻል። አባባን እንደ ልጃቸው ሆነሽ ነው የምትይዣቸው።»

«ምን ጥርጥር አለው፣ እትዬ» አለች ጃለኔ፣ ሻንጣዋን የጊንጪ ሚኒባስ ላይ እያስጫነች። «ልክ እንደ እናንተ ነው የምይዛቸው። እሁድ እሁድ እደውላለሁ።»

በሳምንቱ ከአዲስ ዓለም አንዲት የአጎት ልጅ መጣች። ኦቦ ፈዬራ ወንድም እንደሌላቸው ቢናገሩም፣ መርሳቱ አገርሽቶባቸዋል ተባለ።