ያልተዘመዘመው ክሊፕ

በየትኛውም ከተማ፣ አንድ ሰው ቪዲዮ ሊያቀናብር ኮምፒውተር ፊት በተቀመጠ ቁጥር፣ ከጀርባው ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አለ። ማውዝ ነክቶ አያውቅም፤ ጣቱ ግን ከስክሪኑ ላይ አይነሳም። ቡታጅራ ላይ ይህን ወንበር የያዙት ክቡር ጋሽ ደበሌ ናቸው፤ በሙያቸው የወንድ ልብስ ሰፊ፣ ለዘንድሮው መስቀል ደግሞ ድምፃዊ።

በሰርግ ቪዲዮ የምትታወቀው ሃፊዛ ክሊፓቸውን «በሦስት ቀን አደርሳለሁ» ብላ ነበር የተቀበለችው። በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ደበሌ አሁንም ከጀርባዋ ነበሩ።

«እዚህ ጋ ተቆርጧል» አሉ።

«ካት ነው ጋሼ። አንዱ ምስል ያልቅና ሌላው ይተካል። ከበሮው ሲመታ ጠብቄ ነው የቆረጥኩት።»

«ጠርዙ ይታያል፤ አልተዘመዘመም። እኔ እንዲህ ያለ ሱሪ ለደንበኛ ብሰጥ ፊቴ ላይ ነው የሚወረውረው።»

መዘምዘም በእሳቸው ቋንቋ ትራንዚሽን፣ ማለትም ከምስል ወደ ምስል መሸጋገሪያ፣ ማስገባት ነው። ከእንሰቱ ማሳ ወደ ጭፈራው ሲኬድ ምስሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጥ፤ ከጭፈራው ወደ ፈረሱ ሲኬድ ይሽከርከር፤ ከፈረሱ ወደ ጋሽ ደበሌ ሲኬድ በኮከብ ውስጥ ብቅ ይበሉ። ሃፊዛ ጥርሷን ነክሳ በኮከብ አወጣቻቸው። አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩና «ጠበበኝ፤ ትከሻዬ ላይ ይይዛል» አሉ።

የእህቱን ሰርግ ቪዲዮ ሊወስድ የመጣው ሙባሪክ ቆሞ ሲያይ ቆየ። «ሃፊዛ፣ የኛን ግን እንዲህ አላደረግሽውም አይደል?» አላት። ይህችን ጥያቄ ሌላ ሦስት ሰው ቢደግማት ሱቋን መዝጋት ነው።

ጋሽ ደበሌ ምሳ ሲወጡ በሩን ቆለፈችና ሠላሳ አራቱንም ትራንዚሽን አጠፋች። ጭፈራው ነፍስ ዘራ። ክሊፑን በስልካቸው ላከችላቸው፤ «አልቋል» ብላ።

ሁለት ቀን ጠፉ። በሦስተኛው መጡና በር ላይ ቆሙ።

«እናቴ ዘንድ አገና ሄጄ ክሊፑን አሳየኋት» አሉ። «ዓይኗ ደክሟል፤ ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ነው የምታየው። ምስሉ በተቀየረ ቁጥር ‹አሁን እዚህ አልነበርክም ወይ? ወዴት ሄድክ?› ትለኛለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ስትፈልገኝ ቆየች።»

«መዘምዘሙ ለእናትዎ መሆኑን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ሰው ፊት እናቴ አታይም ልበል?»

ሃፊዛ ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን ለራሷም አልገባትም። ወንበር ሳበችላቸው። «ኮከብ የለም፤ መሽከርከርም የለም» አለች። «ጭፈራው እንደተቆረጠ ይቀራል። እርስዎ ያሉበት ላይ ግን አንዱ ምስል ቀስ እያለ ሲደበዝዝ ሌላው ከሥሩ ይወጣል።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ደበሌ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

በመስቀል ማግስት ከአገና ተደወለ። ቀጭን፣ የደከመ የጋሽ ደበሌ እናት ድምፅ ነው።

«ሃፊዛ አንቺ ነሽ? አሁን አልጠፋብኝም የኔ ልጅ። ከማሳው አንስቼ እስከ ቤቱ ደጃፍ አብሬው ሄድኩ።»

ከወዲያኛው በኩል ጋሽ ደበሌ ሲናገሩ ተሰሙ። «ደጃፉ ጋ ስደርስ ትንሽ ይፈጥናል በያት።»

ሃፊዛ በረጅሙ ተነፈሰችና የዘጋችውን ፋይል መልሳ ከፈተች።

«ስንት ሰከንድ ልጨምር?» አለች።