ቆሞ የመንዳት ጥበብ

ስለ ከተማችን የሞተር ማሰልጠኛ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ ቆቡን ያውልቅ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ይጥረግ። ዝም ብሎ አፍ የሚከፈትበት ቦታ አይደለም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልወደቀበትም። አንድ ጉልበት አልተላጠበትም። አንድ ስፖኪዮ አልተሰነጠቀበትም። በሩ ላይ በትልቁ «አደጋ፦ ዜሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዜሮዋ በየዓመቱ አዲስ ቀለም ትቀባለች። የውጭ ሰው ሲያየው ምን ዓይነት ጥበብ ነው ብሎ ይገረማል። ጥበቡ ቀላል ነው፤ ሞተሩን አስነስተውት አያውቁም።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፈሪ ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ከብስክሌት ወድቄ የማላውቀው ወጥቼበት ስለማላውቅ ነው። ሞተር ባጠገቤ ሲያልፍ ግድግዳ ላይ እለጠፋለሁ። ታዲያ እዚያ ምን ጥልቅ አደረገህ ካላችሁኝ፣ አክስቴ ናት።

አክስቴ በየቤቱ ዕቃ በሞተር የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ጽዳት ናት። አስር ዓመት ስትወለውል ለራሷ አንድ ነገር ጠይቃ አታውቅም። የሹፌር ቦታ መከፈቱን የሰማች ቀን ግን መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ አለቃው ቢሮ ዘው አለችና፣ «የወንድሜ ልጅ ሞተር ይነዳል። እንዴት ያለ ነጂ መሰልዎት!» አለች። ነጂው በዚያ ሰዓት አልጋ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ጣራ ይቆጥር ነበር።

«ጥሩ፣» አላት አለቃው፤ «አንድ ወር እጠብቀዋለሁ። የማይነዳ ከሆነ ግን አብራችሁ ትሄዳላችሁ።» ይቀልድ ይሁን ከምሩ ይሁን ፊቱ ላይ አይታወቅም። እሷም ሳትጠይቅ መጣች።

«ተነስ፤ ሞተር ትነዳለህ።»

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኛ!»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ደረጃ ስወርድ እንኳ መደገፊያውን ይዤ ነው።»

«ሞተርም መያዣ አለው። ስማኝ፣ አስር ዓመት እዚያ ቤት ቃሌ ውሸት ሆኖ አያውቅም። ባንተ እንዳይጀምር።»

እንግዲህ ሞተር ከምፈራው በላይ አክስቴን ስለምፈራ ተመዘገብኩ።

ዋና አሰልጣኙ በደንብ የተተኮሰ ቱታ፣ የቆዳ ጓንት፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ ያለው ግርማ ሞገሳም ሰው ነው። ወደ ስራ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። ለምን ሲባል፣ «ሞተር አደገኛ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ቀን ሃያ አራታችንንም አሰልፎ እንዲህ አለን፦

«ውድ ሰልጣኞች! ማሽከርከር ከአመለካከት አንጻር ሲታይ ዘጠና ዘጠኝ በመቶው ጭንቅላት ነው። የቀረው አንድ በመቶ ሞተሩ ነው። ተቋማችን ካለው ውስን አቅም አኳያ ዘጠና ዘጠኙ ላይ ትኩረት አድርጎ እየሰራ ይገኛል። አንዱን መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ።»

አጨበጨብን። እኔ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ለፈሪ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር መድኃኒት ነው።

ሞተሩ ቀይ ነው። ሲሚንቶው ግቢ መሀል ላይ በካቫሌቶ፣ በብረት መቆሚያው፣ ቆሟል። ካቫሌቶው ቢከዳ ብለው ሁለቱም ጎማ ስር ድንጋይ ወትፈዋል። ድንጋዩ ቢንሸራተት ብለው ደግሞ ከአንድ ምሰሶ ጋር በገመድ አስረውታል። በተራ በተራ እንወጣለን። አሰልጣኙ «አስነሳ!» ሲል በአፋችን «ድድድድድ» እንላለን። «ሁለተኛ ማርሽ!» ሲል ድምፃችንን ቀጠን እናደርጋለን። «ፍሬን!» ሲል ዝም። ፍሬን ላይ ዝም ያላለ ነጥብ ይቀነስበታል። አንዱ ሰልጣኝ ሳል ይዞት ሳምንት ሙሉ «በፍሬን ችግር» ተገምግሟል።

አንድ ቀን «ኩርባ!» ሲል ሳላስበው ወደ ግራ ዘንበል አልኩ። ፊሽካው ጆሮዬን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው።

«ምን ሆነህ ነው ያጋደልከው?»

«ኩርባ ሲሉኝ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ኩርባው በቲዎሪ ነው! ብትወድቅስ? አስራ አንድ ዓመት የገነባነውን ዜሮ አንተ ልታፈርሰው ነው?»

«ይቅርታ።»

«ከሱ ተማር!» አለና በጣቱ ሐውልትን አሳየኝ።

ሐውልት የክፍላችን አንደኛ ነው። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ሹመት መስሎት ደስ ብሎታል። ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ ዓይኑን አያርገበግብም። ወገቡ ቀጥ፣ ክርኑ ሰብሰብ፣ ዓይኑ ሩቅ። የማታ ሰልጣኞች ሳይቀሩ ቀን እየመጡ ያዩታል። አሰልጣኙማ እሱን ሲያይ እንባ እንባ ይለዋል።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ስንነዳ ከረምን። ከግቢው ስንዝር አልራቅንም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ችግሩ አክስቴ ቀን ትቆጥራለች። «ሰኞ አለቃው በዓይኔ ሲነዳ ልየው ብሏል» አለችኝ። በዓይኔ የምትለዋ ቃል አንጀቴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሰው «ድድድድ» እያለ ዕቃ አያደርስ። በማግስቱ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምናስነሳው?»

«ምኑን?»

«ሞተሩን።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሐውልት እንኳ አንገቱን አዞረ፤ ያኔ ነው አንገት እንዳለው ያወቅኩት። አሰልጣኙ ቀስ ብሎ መጣና ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«ልጄ፣ ቤት ውስጥ ሰላም ነው?»

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ጥላ ስር ወንበር ተቀምጦለት ቅጹን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ከቅጹ ቀና የማይል፣ ስራውን አክባሪ ሰው ነው። ሐውልት ወጣ። ፈታኙ ይጠይቃል፣ አሰልጣኙ ይመልሳል።

«ሚዛን?»

«ጠብቋል።»

«ፍጥነት?»

«ከተፈቀደው በታች።»

«ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት?»

«አንድም እግረኛ አልተነካም።»

መቶ ከመቶ። ተጨበጨበ። ሌሎቹም እንዲሁ እየወጡ እየወረዱ፣ እኔ መጨረሻ ላይ ደረሰኝ። ወደ ፈታኙ ጠጋ ብዬ፣ «ጌታዬ፣ ማስነሳት ይቻላል?» አልኩ።

ፈታኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ተመልሶ ቅጹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ተራ ቁጥር አራት... ‹ሞተሩን ማስነሳት› ይላል። እስከዛሬ እዚህ ጋ ምን ስሞላ ነበር?»

«‹ተሟልቷል› ሲሉ ነበር» አለ አሰልጣኙ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

ቁልፍ ፍለጋ ተጀመረ። መሳቢያ ተገለበጠ፣ የፋይል ሳጥን ተራገፈ፣ ከስራ የለቀቀች ጸሐፊ ተደወለላት። የጥበቃው ሽማግሌ ሁሉንም በትዕግስት ሲያዩ ቆዩና ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ።

«ይቺን ነው?»

«እርስዎ ጋ ምን ትሰራለች?»

«እሁድ እሁድ ባለቤቴን ይዣት ወጣ እላለኋ። እኔ ባልነዳው ይሄኔ ዝጎ አልቆላችሁ ነበር።»

«ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው!» አለ አሰልጣኙ። ፈታኙም ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አጸደቀ።

ገመዱ ተፈታ፣ ድንጋዩ ተነሳ። ሽማግሌው ቁልፉን ሲሰጡኝ ጆሮዬ ስር፣ «ልጄ፣ አትፍራ። ፍሪሲዮኑን ጨብጥ፣ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጥተህ ቀስ እያልክ ልቀቅ። መቆም ስትፈልግ ደግሞ...»

«እርስዎ!» ጮኸ አሰልጣኙ፤ «የማስተማር ፈቃድ አለዎት?»

የላቸውም። ወደ በራቸው ተመለሱ። እኔም መሄድ ብቻ ተምሬ ወጣሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ሃያ ሦስቱ ሰልጣኞች በድንጋጤ ወደ ግድግዳ ሸሹ። ድምፁ እኛ ስናወጣው ከከረምነው ጋር አይገናኝም። ለቀቅኩት። ይዞኝ ተፈተለከ። ግቢውን አንዴ ዞርኩ፣ አፌን ከፍቼ። ሁለተኛ ዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው እንደ እሁዱ መስሏቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።

መንገድ ላይ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ ግድግዳ መጣ። ዘንበል አልኩ፤ ዘንበል የሚል ሰው ነጥብ እንደሚቀነስበት እያወቅኩ። ሞተሩም አብሮኝ ዘንበል ብሎ፣ ግድግዳውን ትቶ፣ ሸርተት ብሎ ዞረ! ብቻዬን ስስቅ ተሰማኝ። ሰፈሩን ዞሬ ተመልሼ በበሩ ስገባ አሰልጣኙ የስልጠናውን መጽሐፍ ይዞ ግቢው መሀል ቆሟል።

«ቁም!»

«እንዴት?»

«ገጽ አርባ ሁለት!»

«አላነበብኩትም!»

«ሰነፍ!» አለና መጽሐፉን ጥሎ ከፊቴ ዘለለ።

«ፍሪሲዮን ጨብጥና ፍሬን ያዝ!» አሉ ሽማግሌው፣ ፈቃድ ሳይኖራቸው። ከፈታኙ ወንበር አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቀጥ አልኩ። አልወደቅኩም። ማንንም አልነካሁም። ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ጥርሴ ሁሉ ውጭ ሆኖ፣ ውጤቴን ጠበቅኩ።

«ሃያ ሦስቱ ሰልጣኞች አልፈዋል» አለ ፈታኙ። «አንተ ግን አላለፍክም።»

«ጌታዬ፣ ነዳሁ እኮ!»

«እሱ ነው ችግሩ። ያለ መንጃ ፈቃድ መንገድ ላይ ስትነዳ ተገኝተሃል። ሃያ ሦስት ምስክር አለ።»

ሃያ ሦስቱም ባለፈቃዶች አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ለአክስቴ ስነግራት ጮኻ ሰፈር የምትጠራ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ትጠይቀኝ ጀመር።

«ማነው ፈቃዱን ያገኘው?»

«ሁሉም፤ ሐውልት የምለው ጭምር።»

«ይነዳል?»

«አክስቴ፣ ሐውልት ነው እያልኩሽ!»

«ስራ አለው?»

«የለውም።»

«ሰኞ ይዘኸው ና።»

ሰኞ ሁለታችንንም በክንዳችን ይዛ አለቃው ፊት አቆመችን። «ይኸው፤ ይሄኛው ይነዳል፣ ያኛው ፈቃድ አለው። ቃሌን ጠበቅኩ።» አለቃው ያስብ ጀመር። ወደ ጣራ አየ፣ ወደ እኛ አየ። «ከሰው ኃይል አጠቃቀም አንጻር፣» አለ፤ «ሁለታችሁ ስትደመሩ አንድ የተሟላ ሹፌር ይወጣችኋል።» ደብዳቤው እዚያው ተጻፈ፤ ሐውልት «ሹፌር»፣ እኔ «የሹፌር ረዳት»። አክስቴ መወልወያዋን አነሳች። ዳነች።

ሦስት ቀን ሰላም ነበር። ረዳቱ ከፊት ይነዳል፤ ሹፌሩ ከኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ወገቤን አንቆ ይይዛል። አራተኛው ቀን መስቀለኛው መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«መንጃ ፈቃድ!»

ከኋላዬ አንድ እጅ ወጣና ፈቃዱን ሰጠ።

«የማን ነው?»

«የኔ» አለ ሐውልት።

«ታዲያ ከኋላ ምን ትሰራለህ?»

«እየነዳሁ ነው።»

«ቦታ ተቀያየሩ! ባለፈቃዱ ከፊት!»

ተቀያየርን። ሐውልት መሪውን ያዘ፤ ወገቡ ቀጥ፣ ክርኑ ሰብሰብ፣ ዓይኑ ሩቅ። ትራፊኩ አቀማመጡን አይቶ ተደሰተ፤ «ሹፌር ማለት እንዲህ ነው» አለኝ። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ። ሐውልት አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ነፋ። ከኋላችን መኪና ተሰለፈ፣ ክላክስ ጮኸ።

«ሂድ እንጂ!»

«አልችልም።»

«ፈቃድ አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«ካለህማ ትችላለህ!»

ይህን የመሰለ ክርክር ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ እኔ ወርጄ፣ «ጌታዬ፣ አጥፍተነው ብገፋውስ?» አልኩ። ትራፊኩ አሰበበት። «መግፋት የሚከለክል ነገር የለም» አለ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማችን ውስጥ ሕግ ይከበራል። ሹፌሩ ከፊት ተቀምጦ መሪ ይይዛል፤ መንዳት የሚችለው ረዳት ከኋላ እያለከለከ ይገፋል። ዳገት ላይ ዕቃውን ጭምር። ሕዝቡ መንገድ ይለቅልናል። አለቃው፣ «ከጥንቃቄ አኳያ የሚበረታታ ነው» ብሎ በስብሰባ ላይ አመስግኖናል። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ወገቤ ብቻ ነው የማይደሰተው።

ትናንት ያው መስቀለኛ ላይ ያው ትራፊክ አገኘን። ለሐውልት ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። «ሰላም ነው ሹፌር?» ሐውልት ዓይኑን አላርገበገበም። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ፤ በላብ ተጠምቄ፣ ሁለት እጄ ኮርቻው ላይ እንደተለጠፈ ከላይ እስከ ታች አየኝና የመቅጫ ደብተሩን አወጣ።

«አንተ! የመግፊያ ፈቃድህን አሳየኝ።»