ሊዱን ማን ይምታ?

እኔ የምለው፣ እነዚህ የውጭ ሮከሮች ጊታሪስት ሁለት ሁለት የሚያደርጉት ለምንድን ነው? አንዱ ቢታመም ብለው ይሆን? ድራም የሚመታው አንድ ነው። የሚዘፍነውም አንድ ነው። ጊታር ላይ ሲደርሱ ግን ሁለት! ያውም ሁለቱም ፀጉራቸውን እስከ ወገባቸው የለቀቁ፣ ሁለቱም ጥቁር የለበሱ፣ ሁለቱም የተቆጡ። የትኛው የቱን እንደሚመታ በምን ይለያል? ይሄን ሙዚቃ ስሰማ ስንት ዓመቴ፣ እኔ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

"አይ አንተ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ አንዱ ሊድ ነው፣ ሌላው ሪትም" ትሉኝ ይሆናል። እሱንማ አውቃለሁ። ሊዱ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ እየሮጠ ጊታሩን ያስለቅሰዋል፤ ሪትሙ ከስር ሆኖ ወፋፍራሞቹን ይገዘግዛል። ሶሎ የሚባለው፣ ሌላው ሁሉ ዝቅ ብሎ አንዱ ጊታር ብቻውን የሚናገርበት ቦታ፣ የሊዱ ነው። ግን ይሄን ያወቅኩት ተምሬ እንዳይመስላችሁ። ተጣልቼበት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው መገናኛ ነው። ባቡሩ ገና አልመጣም፤ ዎክማን የያዘ ሰው እንደ ሀብታም የሚታይበት ጊዜ ነው። እኔ ወደ ካራ የሚሄድ ታክሲ እየጠበቅኩ ካሴቴን እሰማለሁ። አጠገቤ የቆመ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጨዋ ልጅ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ከጆሮዬ የሚያመልጠውን ድምፅ እየሰማ ኖሯል! አሳዘነኝና አንዱን ማዳመጫ ሰጠሁት። ብሩክ ይባላል። ጉርድ ሾላ ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለኳየሩ ጊታር ይመታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እዚያው ታክሲ ጥበቃ ላይ እየተገናኘን አንዱን ካሴት ለሁለት እንሰማ ጀመር። እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ።

ጊታር ይዘን ስንቀመጥ ነው ጉድ የፈላው። እኔ የምመታውና እሱ የሚመታው ለየቅል ነው። "ዘፈኑ እንዲህ አይደለም" እለዋለሁ። "ነው እንጂ፣ ምን ነካህ?" ይለኛል። አንድ ወር ሙሉ እሱ እኔን ደንቆሮ፣ እኔ እሱን ደንቆሮ እያልን ከረምን። በመጨረሻ ጆሮ ተቀያየርን። ለካ ሁለቱ ጊታሪስቶች አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ነው የሚመጡት! እሱ አንዱን ሰውዬ ሲያጠና፣ እኔ ሌላውን ሳጠና ኖረናል። አብረን ስንመታው ዘፈኑ ሙሉ ሆነ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ አሁንም አልችልም።

ሚኪ የሚባል ድራመር ጨመርንና ባንድ ሆንን። ዘፋኝ አልነበረንም። የሞከርነው ሁሉ ጩህ ሲሉት ትዝታ ያንጎራጉራል። ተውነው።

የዚያን ጊዜ ደግሞ መብራት በፈረቃ ነበር። ዛሬ ካራ ከበራ ጉርድ ሾላ ይጠፋል፤ ነገ ይገለበጣል። እኛም በጋራ የገዛናትን አምፕሊፋየር ታቅፈን፣ ሁለት ታክሲ እየቀያየርን፣ መብራቱን እንከተላለን። ታዲያ ማንም ሳይደነግገው አንድ ሕግ ወጣ። መብራት ያለበት ቤት ልጅ ሊድ ይመታል፤ እንግዳው ሪትም ይይዛል። ክርክር የለ፣ ቅሬታ የለ። ከሁለታችን ማን ይበልጣል የሚባል ጥያቄ እንኳ አልነበረም። ተራው የማን ነው? መብራቱ ያለው የማን ሰፈር ነው? አለቀ።

አንዳንዴ ሁለቱም ሰፈር ይጠፋል። ያን ጊዜ ጊታራችንን አንግተን እንጦጦን ሽቅብ እንወጣለን። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ መብራት ድምፁ የትንኝ ነው። የባህር ዛፉ ሹሹታ ብቻውን ይውጠዋል። አንድ ቀን የደን ጥበቃው ዱላቸውን ተደግፈው ረጅም ሰዓት ሲመለከቱን ቆዩና፣ ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቁን። ሙዚቃ አልናቸው። ድምፁ የታለ አሉ። መብራት ጠፍቶ ነው አልናቸው። ቀና ብለው ዛፉን አዩ፣ እኛን አዩና፣ "እዚህ መች መብራት ኖሮ ያውቃል?" ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

እና አንድ ቀን ፈረቃው ቆመ። አገሩ ሁሉ ደስ አለው። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ፣ ስንቱን ሰው ግማሽ ራሱን ላጭቶ መብራት እስኪመጣ ሲያስጠብቅ የኖረ ሰው፣ ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ይስም ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ብሩክ ቤት ሄድኩ። ሞኝ!

መምታት ጀመርን። ሶሎው ጋ ስንደርስ ብሩክ እንደ ልማዱ ሊዱን ጀመረ፤ ቤቱ ነዋ። እኔ ግን ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አቆምኩና፣ "ዛሬ እኮ እኛም ሰፈር መብራት አለ" አልኩት። "እና?" አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል? ዝም ብዬ ሶሎውን ጀመርኩ። እሱም አላቆመም። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሊድ! የብሩክ እናት እትዬ ሰናይት ጸሎታቸውን አቋርጠው መጡና፣ "ኧረ በጌታ፣ ማንን ነው የምታርዱት?" አሉ።

ከዚያ ነገር ነገርን ወለደ። እኔ፣ "አንተ ድሮም የኳየር ጊታሪስት ነህ" አልኩት። እሱ ደግሞ ረጋ ብሎ፣ "አንተን ሊድ ያደረገህ ቆጣሪው እንጂ ጣትህ አይደለም" አለኝ። አያናድድም? ምናልባት እውነት ስለሆነ ይሆናል። አምፕሊፋየሯን አንስቼ ወጣሁ። ድምፁን የሚያሻክረው ፔዳል እሱ ጋ ቀረ። ንብረት እንደተካፈሉ ባልና ሚስት ሆንን። እሱ አምፕሊፋየር የሌለው ፔዳል አለው፤ እኔ ፔዳል የሌላት አምፕሊፋየር አለችኝ።

መጣላቱስ ይሁን። ግን መድረክ ይዘን ነበር እኮ! መገናኛ አካባቢ አዳራሽ ያለው አንድ ሰው፣ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ዘፈን እንድናሳየው ነግሮናል። ከወደደን ቅዳሜ ቅዳሜ መድረኩ የእኛ ነው። ሌላ ዕድል አልነበረንም። ደግሞስ ከየት ሌላ ብሩክ ይመጣል? በየካ ዳር እስከ ዳር ይሄን ሙዚቃ የሚወድ ሌላ ሰው አላውቅም። ብቻዬን ቤት ቁጭ ብዬ ሶሎውን ስመታ ከስር የሚይዘኝ የለም። ሪትሙን ስመታ ከላይ የሚሄድ የለም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። እኔ ግን አንዱ ባላ ሲነቀል ዘጭ አልኩ። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ትዕቢቴን ዋጥ አድርጌ ጋሽ ዘነበ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ዘነበ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሹፌርነት የጨረሱ። ከብሩክ ጋር አስታርቁኝ አልኳቸው። አስቡት፣ ለትዳር ሽማግሌ ሳልልክ ለጊታሪስት ላክሁ! በብሩክ በኩል ጋሽ ማቴዎስ መጡ። እሳቸው ደግሞ ጉርድ ሾላ ሱቅ ያላቸው የወላይታ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ቀኑ ለአንዱ ሲመች ለሌላው ሳይመች፣ ጋሽ ማቴዎስ ሱቅ የተቀመጥነው አርብ ከሰዓት ሆነ። መድረኩ ቅዳሜ ነው።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የፀባችንን ምክንያት ጠየቁ። ሊድ ነው አልን። ሊድ ምንድን ነው? መሪ ማለት ነው አልን። ጋሽ ዘነበ፣ "እንግዲያው ሹፌሩ ማለት ነዋ" አሉ። አይ፣ ሹፌሩስ ድራሙ ነው አልኳቸው። ፍጥነቱን የሚይዘው እሱ ነዋ። "ታዲያ እናንተ ረዳቶች ናችሁ! ሁለት ረዳት ለአንድ ታክሲ ምን ይሠራል?" አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "ገባኝ፤ አንዱ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ አንዱ ውስጥ ሆኖ ሂሳብ ይሰበስባል" አሉ። እኔና ብሩክ ተያየን። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ትክክል ነበሩ።

ጋሽ ማቴዎስ ደግሞ የትኛው ሥራ ይከብዳል አሉ። ሪትሙ አለ ብሩክ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ፤ ሪትም የሳተ እንደሆነ ሁሉ ነገር ይፈርሳል። "እንግዲህ በቀላሉ ሥራ ነው የተጣላችሁት?" አሉን።

ከዚያ እንደ ሽምግልና ወጉ ለየብቻ ያዙን። ጋሽ ዘነበ እኔን ወደ ደጅ ወሰዱኝ። "ልጄ፣ የሚያሸንፍ የሚሸነፍ ነው። ሊዱን ለወንድምህ ልቀቅለት" አሉ። ልቤ እንቢ አለ፤ አንገቴ ግን እሺ አለ። ሽማግሌ ፊት ሌላ ምን ይባላል? "ደግሞ ለቀቅኩልህ ብለህ እንዳትነግረው" አሉኝ። "ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ። ነገ እዚያው ሲደርስ ይየው።" ማልኩላቸው። ስንመለስ ብሩክም ከጋሽ ማቴዎስ ጋር ከሱቁ ጀርባ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳምን፣ ተቃቀፍን፣ ይቅር ተባባልን። ሊዱን ማን እንደሚመታ አንዳችንም አላነሳንም። አሁን ከታረቁ በኋላ እሱን ማንሳት ነውር አይሆንም?

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ዘነበ ኮት ለብሰዋል። ሚኪ ዱላዎቹን ሦስት ጊዜ አማታና ገባን። እንዴት ያለ አገባብ መሰላችሁ! ሁለቱ ጊታሮች አንድ ላይ ሲነሱ ወለሉ ተነቃነቀ። ብሩክ ፈገግ አለልኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩለት። እውነት ለመናገር በሕይወታችን እንደዚያ ሆነን መትተን አናውቅም።

ሶሎው ደረሰ። እንደ ማልኩት ዝቅ ብዬ ሪትሙን ያዝኩና፣ "ይኸው፣ ያንተ ነው" በሚል ዓይን አየሁት። ብሩክም ዝቅ ብሎ ሪትሙን ይዟል። "ይኸው፣ ያንተ ነው" በሚል ዓይን ያየኛል። ምነው? ረሳው እንዴ? በአገጬ ጠቆምኩት። በአገጩ ጠቆመኝ። "ምታ" አልኩት በከንፈሬ። "አንተ ምታ" አለኝ። "ኧረ በሞቴ!" "ተባረክ፣ አንተ ምታ!" "አፈር ስሆን!" "በፍጹም አይሆንም!" ሁለታችንም እነዚያኑ ሦስት ኮርዶች እየገዘገዝን ሙሽራ እንደሚያጎርስ ሰው እንለማመናለን። ሚኪ ከኋላ ዞሮ ዞሮ መውጫው ጠፍቶት፣ "ኧረ አንዳችሁ!" ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ ማቴዎስም ከሱቁ ጀርባ ያንኑ አስምለውታል!

ታዲያ ከገባህ ለምን አልመታህም ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ልምታ? ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያዩኝ? እሱስ እንዴት ይምታ? ሶሎው ያለ ሶሎ አለቀ። ዘፈኑ አለቀ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ዘነበ ብቻ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ እንባቸው ኮታቸው ላይ እየወረደ፣ "መከባበር ማለት ይሄ ነው!" እያሉ አጨበጨቡ።

ባለ አዳራሹ መድረኩ ጀርባ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ትከሻችንን ቸብ ቸብ አደረገና፣ "ጎበዞች ናችሁ፤ ሁለት ሪትም ግን ምን ያደርግላችኋል? ሂዱና አንድ ሊድ ጊታሪስት ፈልጋችሁ ተመለሱ" አለን።

ከዚያ በኋላ ሞከርን። ስንት ጊዜ ሞከርን! ሶሎው ጋ ስንደርስ እኔ ብጀምር የነጠቅኩት ይመስለኛል፤ አቆማለሁ። እሱ ቢጀምር ቀና ብሎ ያየኛል፤ ያቆማል። ሚኪ በመጨረሻ ሰርግ ቤት ድራም ሊመታ ጥሎን ሄደ። ጋሽ ዘነበን እርቁን አፍርሱልን ብዬ ብለምናቸው፣ "ልጄ፣ አብደሃል?" ብለው በሩን ዘጉብኝ።

ብሩክና እኔ ዛሬም ሰላም ነን። በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን፣ ከእርቁ ወዲህ አንድ ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፣ ጊታር የሚባል ነገርም አናነሳም። ይናፍቀኛል። አጠገቤ ተቀምጦ ይናፍቀኛል። እና እባካችሁ፣ አስታራቂስ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ መልሶ የሚያጣላ ደህና ሽማግሌ የምታውቁ ካላችሁ ላኩልኝ።